«አባቴ ሰፊ አይደለም፣ ቀጭን ነው»

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ከሕንፃችን ሥር አንዲት ሲንጀር ማሽን ይዤ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ግን የአምስት ዓመቱ ልጄ ነው።

ባለፈው መስከረም አንዲት ደንበኛዬ የልጇን ዩኒፎርም ልትወስድ መጥታ ሱቁ ዝግ ሆነባት። ደረጃው ላይ ቆርኪ የሚጫወተውን ልጄን፣ «ማሙሽ፣ ሰፊው የት ሄደ?» ብትለው ቀና ብሎ፣ «አባቴ ሰፊ አይደለም፣ ቀጭን ነው» አላት። ሳቋ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ። እኔም ስትነግረኝ ሳቅሁ። ማታ ጋደም ብዬ ሳስበው ግን ልጁ ምን አጠፋ? በአማርኛችን ልብስ የሚሰፋውም ሰፊ ነው፣ ያልጠበበውም ሰፊ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ «ሰፊው» እየተባልኩ ስጠራ ይህ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

የደንበኞቼን ልክ የምመዘግብበት ደብተር አለኝ፤ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ የእጅ ርዝመት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደብተሩን ከኋላ ገልብጬ የልጄን ንግግር እጽፍበታለሁ። ከፊት የመጣው ልክና ከኋላ የመጣው ወሬ ሊገናኙ አሥር ገጽ ያህል ቀርቷቸዋል።

መጀመሪያ የጻፍኩት የቆየ ነገር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት «አባዬ፣ ምጣ!» እያለ ይጠራኝ ነበር። «ና ነው የሚባለው» እያልኩ አርመው ነበር። አሁን ሳየው፣ ሰማ ሲሆን ስማ፣ በላ ሲሆን ብላ፣ ገባ ሲሆን ግባ ከተባለ፣ መጣ ሲሆን ምጣ ማለቱ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? «ምጣ» ብሎ የጠራው ሰው የለም። ሕጉን ራሱ ደረሰበት። ከሕጉ ያፈነገጠውማ የኛ «ና» ነው።

በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው። እናቱ «ውሃ ነገ ትመጣለች» ስትል ሰምቶ በማግስቱ ዱካ ጎትቶ በር ላይ ተቀመጠ። ምን እየሠራህ ነው ብንለው፣ «ውሃን እየጠበቅኳት ነው። ፎቁ ጠፍቷት ይሆናል» አለን። በሁዳዴም ለእሱ ወተት አፍልታ እሷ አልጠጣ ስትለው ለምን አላት። «ጾም ነዋ።» «ላሟ አልሰማችም?»

ከሁሉ የምወደው ግን አያቱ ቤት የሆነው ነው። እናቴ የምትኖረው ከደብረ ብርሃን አለፍ ብሎ ገጠር ነው። ልጄ ተወልዶ ያደገው ፎቅ ላይ ነውና እንደዚያ ያለ ቤት ገብቶ አያውቅም። ማታ መደቡ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያውን ሲያይ ሲያይ ቆየና፣ «እምዬ፣ ከላያችሁ ማነው የሚኖረው?» አላት።

እናቴ የምትቆላውን ቡና ሳታቋርጥ፣ «እግዚአብሔር ነዋ ልጄ» አለችው።

ዝም ብሎ አሰበና፣ «እሱም ማታ ማታ ሙቀጫ ይወቅጣል?»

ከላያችን ያሉት ጎረቤቶቻችን ማታ ሲወቅጡ እንቅልፍ እንደሚነሱን እናቴ የምታውቀው ነገር የለም። ግን አልሳቀችበትም፣ ዝም በልም አላለችውም። ምጣዱን ከእሳቱ አወረደችና፣ «አዎ፣ ክረምት ላይ አንዳንዴ ይወቅጣል» አለችው። ይኸው ዘንድሮ ሐምሌ ላይ መብራት ሄዶ መብረቅ ሲጮህ እህቱ ስታለቅስ፣ እሱ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ «እየወቀጠ ነው፣ አሁን ይጨርሳል» እያለ ያባብላታል።

እኔ እንደ እናቴ አልሆንኩም። ለፋሲካ እንግዶች ሲመጡ «እስቲ ስለ ላሟ ያልከውን ድገምላቸው» ብዬ መሐል አቆምኩት። ሁሉም በአንድ ላይ ሳቀ፤ አንዱ ዘመዳችን ስልኩን አውጥቶ ቀረጸው። ለካ ቲክቶክ ላይ ለጥፎታል። ልጄ መጋረጃ ውስጥ ገብቶ አልወጣም አለ። ለአንድ ሳምንት ያህል የሚጠይቀኝ ጥያቄ ጠፋ፤ ሱቅ መጥቶም ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀመ ዝም ብሎ ይሄዳል። እስካሁን ይቆጨኛል። እሱ የጠየቀው ለማወቅ ነው፤ እኛ እንደ ትርኢት አየነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እያልን ማፈኑም ሆነ እንዲህ መሳቂያ ማድረጉ ለልጅ ያው አንድ ነው።

በኔ ልጅነት አባባ ተስፋዬ ነበሩ። ቴሌቪዥን ያለበት ጎረቤት ቤት መሬት ላይ ተኮልኩለን እናያቸው ነበር። እሳቸው ለልጅ ሲናገሩ ልጅ ሰው መሆኑን አይረሱም። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ሲያርፉ ማሽኔን አቁሜ አልቅሻለሁ። አሁን የልጅ ቃል በክብር የሚቀመጥበት ቦታ አጣሁ።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። የጠፋ ሊብሬ ማስታወቂያ የምታህል ቦታ በሳምንት አንድ ጊዜ ስጡን። ወላጆች የልጆቻቸውን ቃል እንላክ። የልጁ ስም አይጻፍ፣ ፎቶም አይውጣ፤ ዕድሜውና ሰፈሩ ይበቃል። ወላጁ ምን ብሎ እንደመለሰም አብሮ ይውጣ፤ ከሌላው መልስ እኔ ብዙ እማራለሁ ብዬ አምናለሁ።

ለመጀመሪያው ሳምንት የሚሆን ከደብተሬ ገልብጫለሁ።

ዕድሜ 5፣ ቱሉ ዲምቱ። «አባዬ፣ ጳጉሜን ትንሽ የሆነችው ሕፃን ስለሆነች ነው? ስታድግ እንደ ነሐሴ 30 ቀን ይሆናታል?»

«በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ትጨምርና 6 ይሆናታል፤ ከዚያ ተመልሳ 5 ትሆናለች» አልኩት።

«አሟት ነው?» አለኝ። ይህኛውን ገና አልመለስኩለትም።

አክባሪያችሁ
ልብስ ሰፊው፣ ከቱሉ ዲምቱ