የማስተርስ ሥልጠናው ክፍል ውስጥም ይግባ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

አራት ኪሎ አካባቢ የ9ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ስላደረገው፣ በእኛ ክፍለ ጊዜ ግራ የገባው ተማሪ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም ያመልጠዋል። እኔ ግን እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ በማስተማር ሙያ የማስተርስ ዲግሪዬን በማታው መርሐ ግብር ስማር፣ አንድም ቀን ክፍሌ ገብቶ ሳስተምር ያየኝ አማካሪ አልነበረም (ለጥናት መጠይቅ መበተኑንማ ተክኜበታለሁ)። ትናንት አንዲት ተማሪ ግሱን እንደ አማርኛው መጨረሻ ላይ አሳርፋ «አይ ብሬድ ኤት» ብላ ስትጽፍ፣ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ባውቅም፣ ስድሳ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል እንዴት እንደማርመው ግን ያስተማረኝ የለም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ቢያንስ አንድ ሴሚስተር በክትትል የሚሠራ የማስተማር ልምምድ በማስተርሱ ውስጥ እንዲያካትቱ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መምህር፣ ከአዲስ አበባ