ኢንተርኔት ከመቀየራችሁ በፊት በገመድ ሞክሩት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ በዝቶብናል። «የቤቴ ኢንተርኔት ይንቀራፈፋል፣ ወደ ሌላው ልቀይር?» ትሉናላችሁ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ አዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ምርጫ አለን፤ ይህ ለሁላችንም ጥሩ ነው። ግን ችግሩ የት እንዳለ ሳታውቁ ገንዘብ እንድታወጡ አንፈልግም።

ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንድ ደንበኛችን ሁለት ጊዜ ፓኬጅ አሳደጉ። ለውጥ የለም። ሄደን ስናይ ራውተሩ ሳሎን ውስጥ ከቡፌው ጀርባ ተሸጉጧል። መኝታ ቤቱ ደግሞ ከሁለት የብሎኬት ግድግዳ ወዲያ ነው። ላፕቶፑን በገመድ ከራውተሩ ጋር ስናገናኘው የከፈሉበት ፍጥነት ሙሉውን መጣ። ራውተሩን ኮሪደር ላይ ከፍ አድርገን ሰቀልነው፤ በዚያው ተፈታ።

እናንተም እንዲሁ ሞክሩ። ፍጥነቱን በገመድ፣ አንዴ ጠዋት አንዴ ማታ 2 ሰዓት ላይ ለኩት። በገመድ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የቤታችሁ ዋይፋይ ነው። በገመድም ማታ ማታ ብቻ የሚወርድ ከሆነ መስመሩ ተጨናንቋል፤ ያኔ መቀየር ያስኬዳል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ፓኬጁ ላይ «10 ሜጋ» የሚባለው የሚለካው በቢት ነው፣ ፋይል ግን በባይት። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ በሰከንድ የሚወርድላችሁ 1.25 ሜጋባይት ያህል ነው። ይህን አይተው ተጭበረበርን ብለው የተናደዱ ብዙ ናቸው።

ፋይበር ሕንፃችሁ ድረስ ከደረሰ ሌላ አትፈልጉ። መብራት ሲጠፋ ግን ፋይበሩ የሚገባበት ሳጥንም ራውተሩም ስለሚጠፉ አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ያስፈልጋችኋል። በመዳብ የስልክ መስመር የሚመጣው ከቴሌ ጣቢያው በራቃችሁ ቁጥር ይደክማል። ሲም የሚገባበት ራውተር የሚሠራው በሞባይል ኔትወርክ ነው። ስለዚህ ሳትገዙ በፊት የዚያኑ ድርጅት ሲም ስልካችሁ ላይ አድርጋችሁ ማታ እቤታችሁ ውስጥ ሞክሩት። ጎረቤት ቤት መሥራቱ ለእናንተ ዋስትና አይሆንም።

ቴሌቪዥኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ኢንተርኔት ብትቀይሩ ዲሻችሁ አይነካም። ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ናቸው። ከአዲስ አበባ አንዱ በምሥራቅ ሌላው በምዕራብ በኩል ስለሆነ ሁለቱን የሚፈልግ ሰው ሁለት ዲሽ ያስፈልገዋል። በአንድ ቋሚ ዲሽ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እንድናመጣላችሁ አትጠይቁን፣ አይሆንም። ዲሹን አውርደን ሁሉንም በኢንተርኔት እንይ የምትሉ ደግሞ ፓኬጃችሁ ገደብ እንዳለው አስቀድማችሁ እዩ። ኤችዲ ቪዲዮ በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል።

ለመቀየር ከቆረጣችሁም አዲሱ አንድ ሳምንት በደንብ እስኪሠራ አሮጌውን አታቋርጡ። ያላችሁ ራውተር ከአዲሱ መስመር ጋር ይሠራ እንደሆነም ሳትፈርሙ ጠይቁ።

ለሙከራው ገመድ ከሌላችሁ ሱቃችን ብቅ በሉ። በነፃ እናውሳችኋለን፣ ስትጨርሱ ትመልሱልናላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዲሽና ኢንተርኔት ገጠማ ሱቃችሁ