የታሪክ ክበባችን፣ ሸርጣንና የዝዋይ ዓሣ

የታሪክ ክበብ ዘንድሮ ምን ሠራ ለምትሉ፣ ስለ ምግብ አጠናን። ያውም ስለ ቻይና ምግብ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ «የራሳችን ታሪክ አለቀ እንዴ?» የተባልኩትን አልረሳሁም። አላለቀም። ልጆቹ ግን ይሄን በድምፅ ብልጫ መረጡ።

ነገሩ የጀመረው ዣንግ ዳይ በሚባል ቻይናዊ ጸሐፊ ነው። በ1597 እ.ኤ.አ. ሻኦሺንግ በምትባል ከተማ የተወለደ የሀብታም ልጅ። በቻይናውያን አቆጣጠር በአሥረኛው ወር የወንዝ ሸርጣን ሲሰባ ከጓደኞቹና ከወንድሞቹ ጋር የሚበላበት የሸርጣን ክበብ ነበረው (አዎ፣ ክበብ!)። ለአንድ ሰው 6 ሸርጣን፣ እንዳይቀዘቅዝ በየተራ እየተቀቀለ፤ ጨውም ሆምጣጤም አያስፈልገውም ባይ ነው። በ1644 ቻይናን ይገዛ የነበረው የሚንግ መንግሥት ወደቀ። ሰውዬው ሀብት ንብረቱን አጥቶ ተራራ ገባ፣ እየተራበም ያንን ማዕድ ጻፈው፤ ከጎን የቀረበውን ዳክዬ፣ መጠጡን፣ የአዲሱን ሩዝ ንጣት ሳይቀር።

«ሸርጣን ይበላል እንዴ?» ብለው ፊታቸውን ያጨማደዱት ልጆች እዚህ ላይ ዝም አሉ።

ግንቦት ላይ ዝዋይ ወረድን። ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ተጠብሶ ቀረበ፣ ሁሉም ተረባረበ። ዓመቱን ሙሉ አፉን ያልከፈተ አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ብቻ ሳህኑን እያየ ቀረ። ምነው ስለው «ቲቸር፣ ጭንቅላቱን አያቴ ለኔ ነበር የምትሰጠኝ» አለ። ያደገው ጣና ዳር ነው። ከዚያ ደብተሩን አውጥቶ አያቱ ቤት በአንድ ትሪ ይበሉ የነበሩትን ሰዎች ጻፈ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ጭምር። 11 ሰው። እኔ ወደ ሐይቁ ዞርኩ።

የቀረው የተለመደው ነው። ዓርብ ዓርብ ተሰበሰብን፣ ቃለ ጉባኤው አለ። ሁለተኛው መንፈቅ ላይ አባላት ቀነሱ። የኤግዚቢሽኑ ቀን መብራት ጠፋ። ጽሑፎቹን ያሳተምነው በእኔው ኪስ ነው፤ የእግር ኳስ ክበብ አዲስ ማሊያ ማግኘቱን ግን በደስታ አይቻለሁ።

ሊ ዩ የሚባል የዚያው ዘመን ጸሐፊ የሸርጣን ወቅት ሳይደርስ ገንዘብ ያጠራቅም ነበር። ቤተሰቡ ሲስቅበት «የነፍሴ መግዣ» አለው። የእኛ ሣጥን ውስጥ 340 ብር አለ። ለመጪው ዓመት ጣናን አስበናል። የልጁ አያት ዓሣውን ከእኔ ብለዋል፤ ወላጆች፣ የጎደለን የመኪናው ኪራይ ነው።