ዝነኛ ቫዮሊን ተጫዋች ሲመጣ የጥገና ጠረጴዛም ይዘጋጅ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ከውጭ አገር ስመ ጥር ቫዮሊን ተጫዋች ወይም መሣሪያ ሠሪ ወደ አዲስ አበባ ሲጋበዝ ኮንሰርቱ በአንድ ምሽት ያልቃል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ቢበዛ ለተማሪዎች የአንድ ከሰዓት ትምህርት ይሰጣል። ተማሪዎቹ የያዙት ቫዮሊን ግን ከነጉድለቱ ይቀራል። በመሣሪያ ጥገና ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ጋባዦችን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከእንግዶቹ ጊዜ አንድ ሙሉ ቀን ለጥገና ይለይ። ተጫዋቹና ሠሪው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ፤ የአገር ውስጥ ባለሙያም ቢላዋውን ይያዝ።

ይህ ሌላ ቦታ ሲሠራበት የኖረ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ በ42ኛው መንገድ የነበረው የሬምበርት ዉርሊትዘር የቫዮሊን ሱቅ ዝናውን ያገኘው በሽያጭ ብቻ አልነበረም። ጣሊያናዊው ሲሞኔ ሳኮኒ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የጥገና ክፍሉን ሲመራ ታላላቅ ተጫዋቾች መሣሪያቸውን ይዘውለት ይመጡ ነበር፤ ወጣት ሠሪዎች ደግሞ አጠገቡ ሆነው ይማሩ ነበር። ሎንዶናዊው የቫዮሊን ባለሙያ ቻርልስ ቢር እዚያ ተምሯል። በፈረንሳይ የሠለጠነው ረኔ ሞሬልም እዚያ ሠርቷል፤ ኋላም እነ ቫዮሊን ተጫዋቹ አይዛክ ስተርንና ቼሎ ተጫዋቹ ዮ-ዮ ማ የመሣሪያቸውን ድምፅ እንዲያስተካክልላቸው የሚሄዱበት ሰው ሆነ። ሱቁ እ.ኤ.አ. በ1974 ተዘጋ፤ እዚያ የተማሩት ግን ሞያውን ይዘው በየከተማው ተበተኑ። አንድ ጎብኚ ከኋላው ሊተውልን የሚገባው ይህን ነው።

ድምፅ ማስተካከል ሲባል ምን እንደሆነ ጠጋ ብሎ ማየት ይበጃል። በቫዮሊኑ ሆድ ውስጥ፣ በፊት ገጹና በጀርባው መካከል፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የስፕሩስ እንጨት ምሰሶ ቆሟል። ሙጫ አልነካውም፤ የሚይዘው በልኩ መቆረጡና ከላይ የሚመጣው የክሮቹ ጫና ነው። ቦታው ክሮቹን ከሥር ደግፎ ከያዘው ቋሚ እንጨት፣ ከብርኩማው፣ በቀጭኑ ክር በኩል ካለው እግር ጀርባ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ራቅ ብሎ ነው። ሠሪው በድምፅ ቀዳዳው በኩል የተቆለመመ ብረት ያስገባና ምሰሶውን በጥቂቱ፣ አንዳንዴ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ባነሰ፣ ይገፋዋል። ወደ ብርኩማው ሲጠጋ ድምፁ በአብዛኛው ይሰበሰባል፣ ይጠራል፤ ከበዛ ግን ጆሮ ይወጋል። ሲርቅ ይለሰልሳል፤ ከበዛ ይደክማል። ወደ ቀዳዳው ሲገፋ የፊት ገጹ ወደ ዳር እየወረደ ስለሚሄድ ምሰሶው ይጠብቃል፤ በኃይል ከተገፋ እንጨቱን ይሰነጥቃል። ወደ መሀል ሲሄድ ይላላል፣ ይወድቃልም።

ተጫዋቹ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በአራቱም ክር ስኬል (በተርታ የሚወጡና የሚወርዱ ኖታዎች) ይጫወታል፤ በወፍራሙ በጂ ክር እስከ ላይኛው ፖዚሽን (የእጅ ቦታ) ይወጣል፤ የትኛው ኖታ እንደሚታፈን ይናገራል። ሠሪው ራቅ ብሎ ያዳምጣል። ጆሮ ሥር የሚሰማውና አዳራሽ የሚደርሰው ድምፅ ስለሚለያይ፣ ሁለቱ በሌሉበት የተደረገ ማስተካከል ግምት ነው የሚሆነው።

የአዲስ አበባ አየር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በክረምት እንጨቱ እርጥበት ስቦ ያብጣል፤ የፊት ገጹ ከፍ ሲል ክሮቹ ከጣት ይርቃሉ፣ ምሰሶው ይላላል፣ መቃኛዎቹ አልዞር ይላሉ። በጋ ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል፦ ክሮቹ ይወርዳሉ፣ ምሰሶው ይጠብቃል፣ መቃኛዎቹ ይሾልካሉ፣ የገላው መጋጠሚያዎች ይከፈታሉ። ስለዚህ በነሐሴ የተስተካከለ ቫዮሊን በጥር እንደገና መታየት አለበት። መጋጠሚያ መከፈቱ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ገጹ ሳይሰነጠቅ እንዲለቅ ተብሎ ነው ከእንስሳ ቆዳ በሚሠራ ሙጫ፣ ያውም ቀጠን ተደርጎ የሚጣበቀው። ትልቁ ጥፋት የተከፈተውን በሱፐር ግሉ መድፈን ነው። ከዚያ በኋላ ሲደርቅ የሚለቀው መጋጠሚያው መሆኑ ይቀርና ገጹ ራሱ ይሰነጠቃል። በሚሾልክ መቃኛ ላይ የቀስት ጭራ የሚቀባውን ሮዚን መቀባትም እንዲሁ ነው፤ ይነክስና እየዘለለ ይዞራል። ደረቅ ሳሙናና ጠመኔ በልክ ይበቃል፤ ቀዳዳው ከሰፋ ግን መቃኛው በየ30 ሚሊ ሜትሩ በ1 ሚሊ ሜትር እየጠበበ ከሚሄደው ቀዳዳ ጋር እንዲገጥም እንደገና መቀረጽ አለበት።

ከሁሉ በላይ ልጆችን የሚጎዳው ብርኩማው ነው። ከፋብሪካ የሚመጣ ብርኩማ ያላለቀ ዕቃ ነው፤ እግሩ በየቫዮሊኑ የፊት ገጽ ጉብታ ልክ ሊቀረጽ፣ ክሮቹ የሚያርፉበት ከንፈሩ ወደ 1.3 ሚሊ ሜትር ሊሳሳ ይገባል። እንዳለ ሲተከል እግሩ በሁለት ነጥብ ብቻ ያርፋል፣ ድምፁም ይታፈናል። በጥቁሩ የጣት ማሳረፊያ ወደ ብርኩማው ባለው ጫፍ ላይ ሲለካ ቀጭኑ የኢ ክር 3.5፣ ወፍራሙ የጂ ክር 5.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ ሊሉ ይገባል። ብዙ ጊዜ ከዚህ በጣም ይበልጣል፤ ልጁ አጥብቆ ይጫናል፣ ክሩ ይለጠጣል፣ ኖታው ከልኩ በላይ ከፍ ይላል፣ መምህሩም ልጁን ጆሮ የለህም ይለዋል። ጥፋቱ የእንጨቱ ነው! ክር በተቃኘ ቁጥር የብርኩማው አናት ወደ መቃኛው በኩል ይሳባል፤ ወደ ክር መያዣው ያለው ገጽ ከገላው ጋር ቀጥ ብሎ መቆሙን በየሳምንቱ ማየትና በሁለት እጅ ቀስ አድርጎ መመለስ ያስፈልጋል። ክር ሲቀየር አንድ በአንድ ይሁን፤ አራቱ በአንድ ጊዜ ከተፈቱ ምሰሶው ሊወድቅ ይችላል።

ወደ ዝግጅቱ ስንመለስ፣ ጥሩ ሠሪ አንድ ብርኩማ ቀርጾ ለመትከል ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል፤ የቆመን ምሰሶ ማስተካከል ግን ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ስለዚህ በቀን ሦስት ብርኩማና አራት ምሰሶ ብንይዝ ነው የሚያዋጣው። የመጀመሪያውን ብርኩማ እንግዳው ይሥራ፤ ሁለተኛውን የእኛ ሰው እየሠራ እንግዳው ያርመው፤ ሦስተኛውን የእኛ ሰው ብቻውን ይጨርስ። የከበሮ፣ የክራርና የማሲንቆ ሠሪዎችም ይጠሩ፤ ቢላዋ አያያዝ የሚያውቅ እጅ እነሱ ጋ አለ።

እንግዳው ከመነሣቱ ከአንድ ወር በፊት ዝርዝር ይላክለት፦ ያልተቀረጸ ብርኩማ 10፣ የ6 እና የ6.5 ሚሊ ሜትር ምሰሶ እንጨት ሦስት ሦስት፣ መቃኛ ሁለት ስብስብ፣ የመቃኛ ቀዳዳ ማስፊያና የመቃኛ መቅረጫ፣ ሩብ ኪሎ የቆዳ ሙጫ። ሁሉም በአንድ ትንሽ ሻንጣ ጥግ ይገባል። የቀስት ጭራ መቀየር ለሌላ ጊዜ ይቆይ፤ ቀኑን ይበላል።

ውስጡ የስትራዲቫሪ ስም ያለበት ወረቀት ስላለ ብቻ ቫዮሊን ይዞ ዋጋ ለማስገመት የሚሰለፍም አይጠፋም። ያንን ወረቀት የጀርመንና የቦሂሚያ ፋብሪካዎች በብዛት ይለጥፉት ነበር፤ ሥሩ ሜድ ኢን ጀርመኒ ተብሎ የተጻፈበትም አለ። የእንግዳው ሰዓት በዚህ ባይጠፋ መልካም ነው።

ለእያንዳንዱ የተነካ ቫዮሊን አንድ ካርድ ይጻፍ፦ የክሮቹ ከፍታ፣ ምሰሶው ከብርኩማው ያለው ርቀት፣ በዕለቱ የክፍሉ እርጥበት በመቶኛ። መሣሪያዎቹ በሚቀመጡበት ክፍል እርጥበት መለኪያ ይሰቀል፤ ከ40 እስከ 60 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። ካርዱ ከቫዮሊኑ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ በጥር መጨረሻ ያው የአገር ውስጥ ባለሙያ አውጥቶ እንደገና ይለካ።

የገመድ ሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኞች
ከአዲስ አበባ