ከዕድሜው ይልቅ የቤት ኪራዩ

ለአዘጋጁ፦

«34 ዓመቴ ነው፤ ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ፤ ሐኪም ለመሆን አልረፈደብኝም ወይ?» ብላ ለጠየቀቻችሁ አንባቢ «ለትምህርት ዕድሜ አይገድብም» ብላችሁ መለሳችሁላት። ልክ ነው። ግን አይበቃትም። እኔም 9 ዓመት በነርስነት ሠርቼ ነው ሕክምና የተማርኩት።

በ2004 ዓ.ም. መንግሥት ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ሐኪም የሚያደርግ አዲስ ፕሮግራም በ13 ተቋማት ጀምሮ ነበር። የገባሁት በእሱ ነው። ክፍላችን ውስጥ ሁሉም ሥራ የቀመሰ ነበር፤ ነርስ፣ ጤና መኮንን፣ ፋርማሲስት።

ዋርድ (ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል) ስንወጣ ልምዴ ጠቀመኝ። ደም ሥር ማግኘት አልቸገረኝም። ሰው የሞተበት ቤተሰብ ፊት መቆምንም ለምጄዋለሁ። አናቶሚና ባዮኬሚስትሪ ላይ ግን ምንም አልፈየደልኝም። ልጄን አስተኝቼ ማታ የሸመደድኩት ጠዋት የለም! የ25 ዓመቶቹ አንዴ አንብበው ይይዙታል። ቀንቼባቸዋለሁ፣ አልዋሽም።

ያም ሆኖ ጥናቱን ቻልኩት። የከበደኝ ደመወዜ ሲቋረጥ ነው። ባለቤቴ ኪራዩን ብቻውን ተሸከመ። ዕቁቡን ተውነው። እናቴ ቤቷን ዘግታ መጥታ ልጄን ያዘችልኝ። ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) ሆኜ ዲዩቲ፣ ማለትም የሌሊት ተረኛ ሆኜ፣ ሳድር ልጄ «እማዬ» የምትለው እሷን ነበር።

አንድ መምህራችን ሊያበረታታን የሃይማኖት ምሁርና ሙዚቀኛ የነበረውን አልበርት ሽዋይትዘርን ይጠቅስ ነበር። ሰውየው በ30 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1905፣ ሕክምና መማር ጀምሮ በ1913 ጋቦን ሄዶ ሆስፒታል ከፈተ። ደስ ይላል። ግን ሚስት ያገባው እንኳ ትምህርቱን ሊጨርስ ሲል ነው፤ ልጅም አልነበረውም።

ስለዚህ ለሚመለከተው ሁሉ የምለው አለኝ። ነባር የጤና ባለሙያ ሕክምና ሲገባ መሥሪያ ቤቱ ግማሽ ደመወዙን እንኳ ቢከፍለውና ተመልሶ እንዲያገለግል ውል ቢያስፈርመው ምን ይጎዳል? በገንዘብ ምክንያት ከመንገድ የቀሩ ጎበዝ ነርሶች አውቃለሁ።

ዛሬም ብዙ ታካሚ «ሲስተር» ይለኛል። አጠገቤ የሚቆመውን ወንድ ነርስ ደግሞ «ዶክተር»። ድሮ ሲስተር ስለነበርኩ አልከፋም፤ እሱ ነው የሚያፍረው።

እህቴ፣ ፎርም ከመሙላትሽ በፊት አንድ ቅዳሜ ከቤተሰብሽ ጋር ቁጭ በይ። ያለ ደመወዝሽ ስንት ወር እንደምትዘልቁ፣ ዲዩቲ ስታድሪ ልጅ ካለሽ ማን እንደሚይዝልሽ አስሉ። ሒሳቡ ከወጣ ግቢ።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ