ውርጩ ሳይገባ የመምህራኖቻችንን ቤት እንጨርስ

እንደምን ከረማችሁ የመንዝ ልጆች? እንኳን አደረሳችሁ!

ክረምቱ ወጣ፣ አደይ አበባው ፈካ። የእኛ አገር ብርድ ግን ገና ሊጀምር ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ዝናቡ ሲያባራ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ቀን የሞቀው ምድር ሙቀቱን ማታውን ይሰደዋል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ስለ ብርዷ ስንት ይወራላታል። ጓሳ ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ትምህርት ቤታችን ያለው እሱ ሥር ነው። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ደግሞ አብዛኛው የሚያልፈው በእነዚሁ የውርጭ ወራት ነው።

አራተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩን መምህር ከቆላ የመጡ ወጣት ነበሩ። ጠዋት ጠመኔ ከማንሳታቸው በፊት ጣቶቻቸውን በትንፋሻቸው ያሞቃሉ። ያም ሆኖ ጠመኔው ከእጃቸው ያመልጣል። አንድ ቀን የረሱትን ደብተር እንዳመጣ ቤታቸው ላኩኝ። ክፍሏ የቆርቆሮ ጣሪያ እንጂ ኮርኒስ የላትም። ሌሊት ቆርቆሮው ሥር ረግቶ ያደረው ትንፋሽ፣ ፀሐይ ሲነካው እየቀለጠ አልጋው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ጋቢያቸውን ከጠብታው ለማሸሽ አጣጥፈው ጥግ ላይ አስቀምጠውታል። ጆጉ ውስጥ ያለው ውሃ ስስ በረዶ ለብሷል። ያንን ጆግ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ለጥር እረፍት እንደሄዱ አልተመለሱም። የዓመቱን ሒሳብ ግማሹን ሳንማር አለፍን። አንድም ቀን ግን ወቅሻቸው አላውቅም።

ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ አገር ቤት ገብቼ ነበር። ዘጠኝ መምህራን አሉ። የሚከራዩት ቤት ያው ያኔ ያየሁት ዓይነት ነው። አንዷ መምህርት ብርዱ ሲበረታ የከሰል ምድጃ ክፍሏ አስገብታ፣ በሯን ዘግታ እንደምታድር ነገረችኝ። በጣም ደነገጥኩ። ከሰል በተዘጋ ቤት የሚያወጣው መርዝ ሽታ የለውም፤ ሰው እንደተኛ ይቀራል። እባካችሁ፣ ቤተሰብም ካላችሁ ይህንን ንገሯቸው።

የተነሳነው ለዚህ ነው። ግቢው ውስጥ ያለውን አሮጌ የድንጋይ መጋዘን አምስት ክፍል አድርገን ለመምህራኑ መኖሪያ እናደርገዋለን። ወላጆች ድንጋዩንና ጉልበቱን ችለዋል። ከእኛ የሚጠበቀው ሲሚንቶ፣ የኮርኒስ እንጨት፣ በርና መስኮት፣ የሶላር መብራት፣ ለጋራ ማብሰያው ደግሞ «ምርት» የሚባለው ጭስ የሚቀንስ ምድጃ ነው።

ለመምህራኑ ብርድ ልብስም ከአዲስ አበባ ገዝተን እንላክ ያሉ ነበሩ። እኔ ባና ይሻላል ባይ ነኝ። እናቶቻችን ከበግ ፀጉር የፈተሉት፣ የእኛው ሸማኔ የሠራው ባና ከባድ ነው፣ ብርዱን ይመክታል፣ ዕድሜው ረጅም ነው። ገንዘቡም እዚያው ቀዬ ይውላል። ለእያንዳንዱ መምህር አንድ ባና፣ ለወለሉ ደግሞ አንድ ዝተት ብናደርስ ትልቅ ነገር ነው።

ይህን የመንግሥት ሥራ ነው የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ። በ1966 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስለ መምህራን ባወጡት የውሳኔ ሐሳብ፣ ከከተማ ርቀው ለሚያስተምሩ መምህራን ደህና መኖሪያ ቤት፣ ቢቻል በነፃ፣ እንዲሰጣቸው ይላል። ጥያቄውን ማቅረባችንን አናቆምም። የዘንድሮ ውርጭ ግን መልሱን አይጠብቅልንም።

አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ወይም አንድ በር በስማችሁ ያዙ። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ፣ ተሰባስባችሁ አንድ ክፍል ቻሉልን። አረብ አገር ያላችሁ እህቶቻችን፣ ስንቱን እንደተሸከማችሁ እናውቃለን። በእናንተ ላይ ጫና አናበዛም፤ ትንሿም ትበቃለች። እቃ ለመስጠት የምትፈልጉ የገጠር መምህርት ልትለብሰው የምትችል ወፍራም ጃኬት፣ ካልሲና ቦት ጫማ ንጹሕ አድርጋችሁ ስጡ።

ገንዘቡ የሚገባው ሦስት ሰዎች ካልፈረሙ በማይንቀሳቀስ ሒሳብ ነው፤ አንደኛዋ ፈራሚ የወላጆች ተወካይ ናቸው። ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ይቆረጣል፤ የተገዛው እቃም በየሳምንቱ ፎቶው ይላክላችኋል። የሒሳብ ቁጥሩን ከየአካባቢያችሁ አስተባባሪ ውሰዱ።

ግንበኛው ከመስቀል ማግስት ሥራ ይጀምራል። ኮርኒሱ ጥቅምት ሳይጋመስ ማለቅ አለበት።