ከአሮጌዋ ስቴሽን ላይ የተነቀለው ይመለስ

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ስቴሽን፣ ሰው ሁሉ ዲኤክስ የሚላትን፣ በግቢያቸው ሊያድሱ ለተነሡ የጎንደርና የአካባቢዋ ነዋሪዎች ነው። ሞዴሏ ጃፓን ውስጥ መሠራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን ስቴሽኗ እስከ 1987 ቀጥላለች። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለችውን አሮጌ መኪና ማቆየት ለብዙ ቤተሰብ የግድ ሆኗል። እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ እነዚህን መኪኖች ከእርጅናው በላይ የሚገድላቸው «ለዚህ አገር አያስፈልግም» እየተባለ ባለፉት ዓመታት የተነቀለባቸው ዕቃ ነው። እድሳቱ የተነቀለውን በመመለስ ይጀመር፤ ቀለም የመጨረሻው ሥራ ይሁን።

ከቴርሞስታት፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ ከምትይዘው ትንሽ በር፣ እንነሣ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። ዲኤክሷ ላይ ያለው 4ኬ የሚባለው ሞተር ቴርሞስታት ደግሞ በ82 ዲግሪ መከፈት ይጀምርና ጨርሶ የሚከፈተው በ95 ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩአቸው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ፣ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ሳይጨርስ ውሃው ይፈላል። መኪናዋ ዳገት ላይ ትንተከተካለች፤ ቴርሞስታቱ ይወቀስና ተነቅሎ ይጣላል፤ ጥፋቱ ግን የክዳኑ ነበር። ትክክለኛው ክዳን 0.9 የሚል ቁጥር አለበት። ጎማው ካልተሰነጠቀና ስፕሪንጉ ካልደከመ፣ እዚሁ ጎንደር ውሃው እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ሞተሩ ትኩስ እያለ ክዳኑን መክፈት ፊት እንደሚያቃጥል መቼም አይረሳ።

ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቀኑን ሙሉ ሳይሞቅ ይውላል። ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ጭቃ ይሆናል፣ ሲሊንደሩና ፋሻው ያለ ጊዜያቸው ይበላሉ። አዲስ ገዝታችሁ ከመግጠማችሁ በፊት ድስት ውስጥ ውሃ አድርጋችሁ በሽቦ አንጠልጥሉት፤ ብረቱ የድስቱን ቂጥ አይንካ። ቴርሞሜትር አስገብታችሁ ጣዱት። በ80 እና በ84 መካከል አፉ ሲላቀቅ ይታያል፤ እየሞቀ ሲሄድም ይሰፋል። ጨርሶ ሲከፈት 8 ሚሊሜትር ያህል ይነሣል ይባላል፤ እኛ ዘንድ ግን ድስቱ 93 ላይ ስለሚፈላ ከዚያ ትንሽ ጎደል ብሎ ይቆማል። ይህን ሳያውቁ «አልከፈተም» ብለው ደህናውን የሚጥሉ አሉ።

ባዶ የቧንቧ ውሃም ይቅር። የ4ኬ ብሎክ ብረት፣ ከላይ የሚከድነው ቴስታታ አልሙኒየም ነው፤ ሁለቱ በባዶ ውሃ ሲገናኙ አልሙኒየሙ ይበላል፣ ብረቱም ዝገቱን ወደ ራዲያተሩ ይልካል። ጎንደር ውሃ የሚያረጋ ብርድ ባይኖርም፣ አንቲፍሪዝ ከውሃ ጋር እኩል በእኩል ተደባልቆ የሚገባው ዝገት ለመከላከልና የመፍያ ነጥቡን ከፍ ለማድረግ ነው። ከዚያ በፊት ራዲያተሩን አውርዳችሁ ከታች ወደ ላይ፣ ማለትም ከተለመደው ፍሰት በተቃራኒ፣ ንጹሕ ውሃ እስኪወጣ እጠቡት።

መኪናዋ ቀድሞ ብዙ ጊዜ ፈልታ ከሆነ ቴስታታው ሳይጣመም አይቀርም። የሚወርደው ሞተሩ ጨርሶ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋድማችሁ 0.05 ሚሊሜትር ፊለር ጌጅ በሥሩ ካለፈ ተልጎ እንዲስተካከል ሬቲፊካ ቤት ይላክ። በብሎኩና በቴስታታው መካከል የሚገባውን ጓርኒሲዮን ስትገዙ ተጠንቀቁ፤ ገበያ ላይ የ4ኬ እና ተመሳሳዩ የሆነው የ5ኬ ሞተር ይቀላቀላል። የ4ኬ ሲሊንደር ስፋት 75፣ የ5ኬ 80.5 ሚሊሜትር ነው። የ4ኬውን ጓርኒሲዮን 5ኬ ላይ ከገጠማችሁት ጠርዙ ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ይቃጠላል። ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ የምታስመጡ ከሆነ አሮጌውን ወይም ልኩን ላኩ፤ «የዲኤክስ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ሞተሩ ተቀይሮ ሊሆን ይችላልና። የቴስታታ ብሎኖች ከመሐል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ መጨረሻ ላይ 6 ኪሎግራም ሜትር ገደማ ይጠበቃሉ። በክንድ ግምት የተጠበቀ ቴስታታ ተመልሶ ይነፍሳል።

ወደ ቦዲው እንምጣ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። ለጥምቀት ይድረስ ተብሎ በጥድፊያ የሚቀባ ቀለም ክረምቱን አይሻገርም፤ ዝገቱ ከሥር ነውና። የስቴሽን ዝገት ቦታው ይታወቃል፤ የኋላ ክዳኑ የታች ጠርዝ፣ የኋላ የጎን መስታወቶች ሥር፣ የትርፍ ጎማ ማስቀመጫው ጎድጓዳ፣ የበሮች ሥር (በሮቹ ሲዘጉ ከታቻቸው ያለው የቦዲው ጠርዝ)፣ የፊት መስታወት ታችኛ ማዕዘኖች፣ ባትሪ የሚቀመጥበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የኋላ ባሌስትራው ፊተኛ ጫፍ የሚታሠርበት። ይህ የመጨረሻው ከበሰበሰ ሌላው ሥራ ሁሉ ይቁምና እሱ ይቅደም። ምንጣፉን አንሥታችሁ በካቻቢቴ ጫፍ ጫን እያላችሁ ፈትሹ። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቀለሙ ላይ አንሸራትቱ፤ የሚወድቅበት ቦታ ሥሩ ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው።

ከዚያ የውሃ መውጫዎቹን ፈልጉ። እያንዳንዱ በርና የኋላ ክዳኑ ከታች ጠርዙ ላይ ቀዳዳዎች አሉት፤ በተደጋጋሚ ስቱኮና ቀለም ተደፍነው ይገኛሉ። አንድ ጆግ ውሃ በመስታወቱ ጎማ በኩል ወደ በሩ ውስጥ አፍስሱ። በደቂቃ ውስጥ ከሥር ካልወጣ በሩ ከሰኔ እስከ መስከረም ውሃ ተሸክሞ የሚከርም ገንዳ ነው። በምስማር ክፈቱት። የፋሲል ግቢን ግንቦች በጣሊያን ዘመን በሲሚንቶ ጠግነዋቸው፣ ኋላ ሲሚንቶው እየተነሣ በኖራ መተካቱን የከተማችን ሰው ያውቃል። ሲሚንቶ እርጥበትን አምቆ ይይዛል። ዝገት ላይ የተለጠፈ ስቱኮም ሥራው ያው ነው።

የበሰበሰው ተቆርጦ ይውጣ፤ ነጭ ብረት እስኪታይ፣ ከዚያም ሁለት ሴንቲሜትር ጨምራችሁ። ዝገት ላይ ሌላ ላሜራ መደረብ በሁለቱ መካከል ውሃ ማስቀመጥ ነው። ለቦዲው 0.8፣ ለወለሉና ለበር ሥር 1.2 ሚሊሜትር ላሜራ ይበቃል። የበር ሥሩን ስትቆርጡ በሮቹ ተዘግተው፣ ሻንሲው ከሥር በካቫሌቶ ተደግፎ ይሁን፤ አለዚያ ቦዲው ይሰምጥና በሩ ዳግመኛ አይገጥምም። ከብየዳ በፊት ባትሪው ይፈታ፣ የዲናሞው ገመድ ይነቀል፣ የነዳጅ ታንኩ ወርዶ ከግቢው ራቅ ይበል፤ ባዶ ታንክ ከሙሉው ይልቅ ይፈነዳል፤ ውስጡ የቀረው ትነት ነው። አሸዋና ውሃ አጠገባችሁ ይኑር። ብየዳው በሲኦቱ (በጋዝና በቀጭን ሽቦ) ቢሆን ይመረጣል፤ የኤሌክትሮድ ብየዳ ስስ ላሜራን ይበሳል። በየ3 ሴንቲሜትሩ ነጥብ ነጥብ እያደረጋችሁ፣ አንዱን ጫፍ ከነካችሁ በኋላ ወደ ሌላው ጫፍ ሂዱ። እጅ እስኪችለው ሳይበርድ ሁለተኛ አትንኩት፤ በአንድ ትንፋሽ የተበየደ ላሜራ እንደ ድስት ክዳን ይጎብጣል። የሚቻለው ባትላሜራ (የቦዲ ጠጋኝ) ካለ ይህን ለእሱ መስጠት ነውር የለውም።

ነጭ የሆነው ብረት የዚያኑ ዕለት ጸረ ዝገት ይቀባ። ስቱኮ ከ3 ሚሊሜትር አይብለጥ፤ በ80፣ በ180፣ ከዚያም በ320 የብርጭቆ ወረቀት ደረቁን ይፈተግ። ስቱኮ ውሃ ይጠጣልና በውሃ አይነካ። ለዚህም ነው ይህ ሥራ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ መሠራት ያለበት፤ ክረምቱን ለሞተሩ ተዉት። በበሩ ሥር ባዶ ቦታ ውስጥ ግራሶ በአዲስ ሞተር ዘይት አቅጥናችሁ ርጩ፤ የተቃጠለ ዘይት አሲድ ስላለው ብረቱን ይበላል። ብየዳውም ሆነ ቀለሙ የሻንሲ ቁጥሩን አይንካ፤ የቀለም ወይም የሞተር ለውጥ ደግሞ ሊብሬው ላይ ይመዝገብ፤ አለዚያ ለቦሎ ስትቀርቡ ችግር ይሆናል።

ከኋላ ቦዲውን በሚሸከመው ባለ ብዙ ቅጠል ብረት፣ በባሌስትራው፣ ላይ የሚታየው ስሕተት ከመንቀል ይልቅ መጨመር ነው። ጭነት ትችላለች ተብሎ አንድ ሁለት ቅጠል ይጨመርበታል። ቅጠሉ የበዛ ባሌስትራ በኮብልስቶን መንገድ ላይ አይለጠጥም፤ ጎማው ይዘላል፣ ምቱ በሙሉ ወደ ማሠሪያው ይሄድና እዚያው ይሰነጥቀዋል። የፋብሪካው ቁጥር ይመለስ፤ የተሰበረ ካለ እሱ ብቻ ይቀየር። የጎማ ቡሾቹን ስትቀይሩ የሁለቱን ጫፍ ብሎኖች በእጅ ብቻ አስይዙ፤ መኪናዋ ወርዳ ክብደቷ ጎማዎቿ ላይ ሲያርፍ አጥብቁ። ተንጠልጥላ ሳለች ከተጠበቁ ቡሾቹ ተጠማዘው ስለሚያዙ በወር ውስጥ ይቀደዳሉ። ባሌስትራውን ከአክሱ ጋር የሚያስሩት ስታፋዎችም ከጥቂት ቀን መንዳት በኋላ እንደገና ይጠበቁ።

ፍሬኑ ላይ የተነቀለው ብዙውን ጊዜ የእጅ ፍሬን ገመድ ነው፤ ይመለስ። ዘይቱን የሚያግዱት ጎማዎች፣ የጎሚኒዎቹ፣ ዕድሜ የሚወሰነው በሚገባው ዘይት ነው። ዶት 3 የፍሬን ዘይት ብቻ ይግባ፤ አንድ ጊዜ የሞተር ወይም የማርሽ ዘይት ከነካቸው ያብጣሉና ሁሉም ይቀየራሉ። አየሩ የሚወጣው ከፍሬን ፖምፓው በጣም ከራቀው ጎማ ጀምሮ ነው። ዓመት የቆየ የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ እንደ ሊማሊሞ ባለ ቁልቁለት ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። ቁልቁለቱ በሁለተኛ ማርሽ ይወረድ።

የ4ኬ ሞተር ልኬቱ አጭር ነው። የካንዴላ ክፍተት 0.8፣ በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያለው የፑንቲና 0.45 ሚሊሜትር፤ የእሳት ተራው 1፣ 3፣ 4፣ 2። ቫልቩ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.30። አንደኛው ሲሊንደር በእመቃ ላይ ጫፍ ሲደርስ የ1 እና የ2 ማስገቢያ፣ የ1 እና የ3 ማስወጫ ይስተካከላል፤ አንድ ሙሉ ዙር አዙራችሁ ቀሪዎቹን። ዘይቱ ከፊልትሮው ጋር 3.5 ሊትር ነው። ከካርቡሬተሩ ወደ ዲስትሪቢውተሩ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ተነቅሎ በብሎን የተደፈነ ከሆነ መልሱት፤ እሱ ከሌለ መኪናዋ ያለ ምክንያት ቤንዚን ትጠጣለች። ፋዙ (እሳቱ የሚነሣበት ጊዜ) በ8 ዲግሪ ሲሠራ ግን ለጊዜው ይነቀል። በእኛ ከፍታ ሁለት ዲግሪ ቢጨመር ትወደዋለች፤ ዳገት ላይ ካንኳኳች መልሱ።

ካርቡሬተሩ የተሠራው ለዝቅተኛ አገር ስለሆነ እዚህ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ 10 በመቶ ያህል ይበዛበታል። ስለዚህ የነሐስ ቀዳዳዎቹን በሽቦ አትጎርጉሯቸው፤ በፀጉር ያህል ከሰፉ ችግሩ ይብሳል። ቤንዚን ውስጥ አሳድራችሁ በአየር ንፉ። ካንዴላው እንደ ጥላሸት ከጠቆረ በዝቷል፤ ቀለል ያለ ቡና መልክ ሲይዝ ልክ ነው።

በመጨረሻ ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ መውጫው። የስቴሽን ጀርባ ቀጥ ያለ ስለሆነ መኪናዋ ስትሄድ ከኋላዋ ያለው አየር ይጎድላል፤ ጭሱ ወደ ኋላ ክዳኑ ይሳባል። የጭስ ቧንቧው ጫፍ ተቆርጦ ከቦዲው ሥር የቀረ ከሆነ ወይም የክዳኑ ጎማ ከተነቀለ፣ ሽታ የሌለው መርዝ ኋላ ወንበር ላይ ወደ ተቀመጡት ልጆች ይገባል። ቧንቧው ከቦዲው ጠርዝ አልፎ ይውጣ። ጎማውን ለመፈተሽ ክዳኑን ከፍታችሁ የጋዜጣ ቁራጭ ጠርዙ ላይ ያዙና ዝጉበት፤ ከዚያ ሳቡት። በዙሪያው ሁሉ፣ በየአንድ ስንዝሩ፣ እንዲህ አድርጉ። ወረቀቱ ሳይያዝ ተንሸራትቶ በሚወጣበት ቦታ ጭስም ይገባል፤ ያ ጎማ እስኪቀየር መስታወቶቹን ከፊት ከፍታችሁ ንዱ፣ ልጆችንም ከኋላ አታስቀምጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአሮጌ ቶዮታ ጠጋኞች
ጎንደር፣ አራዳ